የፉጂኖ ኪሞኖ በሚሳኦ መቀስ

ሚሳኦ በዕድሜዋ ከልቧ የቀናችው በአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ያቺ ሴት ደግሞ ሚሳኦ እዚያ ቤት ከመግባቷ በፊት ሞታለች። ስለዚህ ጠቡ ከመነሻውም ሚዛኑ የተዛባ ነበር። በሕይወት ያለች ጣውንት አንድ ቀን ሩዙን ታሳርራለች፤ ታኮርፋለች፤ ትወፍራለች፤ ባሏም ይሰለቻታል። የሞተች ሴት ግን ሩዝ አታሳርርም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ፉጂኖን እኔም አውቃታለሁ። ቆንጆ ነበረች፤ ደግም ነበረች፤ ነገር ግን ዛሬ ሰው እንደሚያወራላት አልነበረችም። የተዋሰችውን መመለስ አትወድም። የኔን ትልቁን የማጠቢያ ገንዳ ያገኘሁት ከለቅሶዋ በኋላ ከነሱ ጓሮ ነው። ይህንን በኪርዩ ከተማ ደፍሮ የሚናገር የለም። በወጣትነቱ የሞተ ሰው ጥፋቱ ሁሉ ከሬሳው ጋር አብሮ ይቃጠላል።

እኔ ኖቡ እባላለሁ፤ ከነሚሳኦ ጋር አጥር እንጋራለን። ሥራዬ ተተርትሮ የመጣ ኪሞኖ ማጠብና መወጠር ነው። ኪሞኖ ስፌቱ ሲተረተር ተመልሶ እንደ ጣቃው ቀጥ ያለ ጨርቅ ይሆናል፤ እኔ አጥበዋለሁ፣ ከባሕር ሣር የተፈላ ሙጫ እቀባዋለሁ፣ በቀርከሃ ወጥሬ ከአካጊ ተራራ በሚወርደው ደረቅ ንፋስ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ሚሳኦ ትወስደውና ኮት፣ ሸሚዝ፣ ቀሚስ ታደርገዋለች። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ገበያ ሲቆም ከቶኪዮ የሚመጡ ሴቶች «የሚሳኦ ሥራ የትኛው ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ማን አጠበው ብሎ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔም የማልቀና እንዳይመስላችሁ። የኔ ግን ራት ስበላ የሚረሳ ዓይነት ነው።

ሚሳኦ የወንዙ ማዶ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጣ ኪሞኖ በእጅ መስፋት ተማረች። ቁመቷ ረዥም ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ እናቶች ለልጃቸው ረዥም ሚስት አይወዱም ነበር። «ቆማ ቀረች» ይሏት ነበር፣ በሁለቱም መልኩ። ኤይኪቺ ሚስቱ ፉጂኖ ሞታበት ከትንሽ ሴት ልጁ ከቺግሳ ጋር ሲቀር፣ ታላቅ እህቱ ቶዮ ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው።

«ልጅቷ እናት ትፈልጋለች፤ ሚሳኦ ባል ትፈልጋለች፤ አንተ ደግሞ ካልሲህን የሚያገኝልህ ሰው ያስፈልግሃል። ምኑ ያከራክራል?»

ሚሳኦ ለሠርጓ ራሷ የሰፋችውን ኪሞኖ ለብሳ መጣች። የዛገ ብረት የመሰለ ቀይ ቡኒ ነው፤ ጥለት የለውም፤ ከጀርባው አንድ ትንሽ የቤተሰብ ምልክት ብቻ አለው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አንጋጣ ስታያት «ዛፍ ናት» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሚሳኦ ስትስቅ ያየኋት በዚያ ቀን ያኔ ብቻ ነው።

እዚያ ቤት ምን እንደጠበቃት ልንገራችሁ። ጠዋት ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው ሩዝ የሚቀርበው በቤቱ የሙታን መሠዊያ ላይ ለተቀመጠው ለፉጂኖ ፎቶ ነው። የምታቀርበው ሚሳኦ ናት። ደንቡ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኔም ብሆን ለአማቴ ፎቶ አቀርባለሁ። ነገር ግን በየጠዋቱ ገና የራስሽን ሳትቀምሺ ለባልሽ የመጀመሪያ ሚስት ሩዝ ማቅረብ፣ እሷም ከፍሬሟ ውስጥ ሳታረጅ እየሳቀች ስታይሽ፣ ሞክሩትና ንገሩኝ። በዚያ ላይ ቶዮ ለጉብኝት በመጣች ቁጥር ሾርባውን ቀምሳ «ፉጂኖ ጨው ታሳንስ ነበር» ትላለች። ሚሳኦ በሚቀጥለው ጊዜ ጨው ስታሳንስ ደግሞ «ዛሬ ጣዕም የለውም» ትላለች።

ይህ ሁሉ ግን ከላይኛው ክፍል ሳጥን ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም።

ኤይኪቺ ሥራው ለሽመና ማሽኖች የጥለት ካርድ መብሳት ነበር። ማሽኑ የትኛውን ክር አንስቶ የትኛውን እንደሚተው የሚነግረውን ካርቶን ቀዳዳ በቀዳዳ ሲበሳ ነው ያረጀው። ሌላው ሰው የሣለውን ይበሳል እንጂ የራሱን ጥለት አይሠራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፉጂኖን ሊያገባ ሲል፣ የራሱን ሠራ፤ ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ ዝቅ ያለ ማዕበል፣ ከማዕበሉ በላይ ትንንሽ ነጭ ወፎች። የፋብሪካው ባለቤት ወዳጁ ነበርና አንድ ጣቃ ብቻ አሸመነለት። ከዚያ በኋላ ካርዶቹ አይጥ በላቸው። ሁለተኛ እንዲያ ያለ ጨርቅ በዓለም ላይ የለም።

ይህ ኪሞኖ ከሌሎቹ የፉጂኖ ልብሶች ጋር ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። በየመኸሩ ዝናቡ አልፎ አየሩ ሲደርቅ፣ የሻይ ስኒውን እንኳ የማያጥበው ኤይኪቺ ላይ ይወጣና እያንዳንዱን በገዛ እጁ አውጥቶ በገመድ ላይ ሰቅሎ ያናፍሳል። ሚሳኦ ከታች ሆና ኮቴውን ትሰማለች። «ልርዳህ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃው ነበር። «አይ፣ ቀላል ነው» አላት። የሷን የዛገ ቀለም ኪሞኖ የምታናፍሰው ግን ራሷ ናት፤ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ ከፎጣ ጎን።

ቺግሳ ትምህርት ቤት የምትገባበት፣ እናቶች ሁሉ አጊጠው ልጃቸውን የሚያደርሱበት ቀን ሲደርስ ሚሳኦ ድፍረቷን ሰብስባ ባሏን ለመነችው። ያን ጊዜ እኔ ያደረቅሁትን ጨርቅ ላቀብላት ገብቼ በር ላይ ነበርኩ።

«ያን ባለወፉን ለነገ ብቻ ልልበሰው? ልጅቷ የእናቷን ልብስ ብታይ ደስ ይላታል ብዬ ነው።»

ኤይኪቺ ጋዜጣውን ሳይተው «ያጥርሻል» አላት።

በቃ። ሌላ ቃል የለም። ሚሳኦ በማግስቱ የዛገ ቀለሙን ለብሳ ልጅቷን እጇን ይዛ ሄደች። ስትመረቅም እሱን፤ ለአካለ መጠን ስትደርስም እሱን፤ ስትዳርም እሱን። ያቺን አንዲት ቃል ግን እንደ መርፌ ስባሪ ሥጋዋ ውስጥ ይዛት ኖረች። በሆነ ባልሆነው ትነካታለች። ሰው «ገመዱ ትንሽ ያጥራል» ቢል ፊቷ ይጠቁራል።

ዘመኑ ተለወጠና ኪሞኖ የሚያሰፋ ጠፋ። በየቤቱ አሮጊቶች ሲሞቱ ልጆቻቸው ሳጥን ሙሉ ሐር ይዘው የት እንደሚያደርሱት ይቸገራሉ። ሚሳኦ ያኔ ነው የስፌት ማሽን ገዝታ አሮጌውን ወደ አዲስ መቀየር የጀመረችው። እጇ ከመጀመሪያውም ብርቱ ነው። የአንድ እጅጌ ጨርቅ ስታይ ኮሌታው ከየት እንደሚወጣ ታውቃለች፤ የኪሞኖ ጨርቅ ጠባብ ነውና ትንሽ ብትሳሳቺ መመለሻ የለውም። የከተማውን ሟቾች ሁሉ ልብስ ቆርጣ ሰፍታ ለሕያዋን አለበሰች፤ ከአንዷ በስተቀር።

አንድ ደንብ ነበራት። ሕያው ሰው ልብሱን ሲደርብ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይውላል፤ ሴትም ወንድም ሕፃንም። ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው። ይህን ገልብጦ የለበሰ ልጅ በኛ ሰፈር ወይ ጥፊ ይቀምሳል ወይ እናቱን ያሰድባል። የፈረንጅ የሴት ኮት ደግሞ ቁልፉ በተቃራኒው ነው፤ ቀኙ ከላይ ሆኖ ይዘጋል። የሱፍ ኮት ሲሆን ማንም ግድ የለውም፤ እኔም አለኝ። የኪሞኖ ጨርቅ ሲሆንና አንገቱ ላይ እንደ ኪሞኖ ሲደረብ ግን ለዓይን ይከብዳል። ስለዚህ ሚሳኦ የሴት ኮቶቿን ሁሉ እንደ ሕያው ልብስ ትዘጋቸዋለች። የቶኪዮዎቹ ሴቶች «ቁልፉ የወንድ ነው» ሲሏት «የሕያው ነው» ብላ ትመልስላቸዋለች። የከተማው አሮጊቶች ይህን ስለሚያውቁ ነው የእናታቸውን ልብስ አምነው የሚሰጧት።

ባለፈው የብርድ ወራት መጨረሻ ላይ ቺግሳ መጣች። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ልጇ ኢቡኪ የትምህርት ዓመቱ ሲጀምር፣ በሚያዝያ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። ሚሳኦ የከተማችንን ሰፋፊ የስንዴ ኑድል ቀቅላ ሁላችንም ምድጃውን ከበን ተቀምጠናል፤ እኔም ሽታው ጠርቶኝ ገብቻለሁ። ቺግሳ አንገቷን ደፍታ በመመገቢያ እንጨቶቿ ስትጫወት ቆየችና ተናገረች።

«እትዬ ሚሳኦ፣ የእማዬን ባለወፍ ኪሞኖ ኮት ቢያደርጉልኝ። ለኢቡኪ ቀን ልለብሰው። ኪሞኖ መልበስ አልችልበትም፣ እንዲሁ ተቀምጦም ያሳዝነኛል።»

እኔ ማኘኬን አቆምኩ። ኤይኪቺ ግን ሾርባውን ጠጣና «እሺ፣ ይቆረጥ» አለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ሚሳኦ ቀና ብላ አየችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው ሲጠብቀው የኖረውን በአንድ ጉርሻ መሃል ለቀቀው፤ ለልጁ ስለሆነ። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥታ ገንዳዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ለአንድ ቀን ስለምነው ያጥርሻል። እሷ ቁረጡልኝ ስትል እሺ።»

«ልጁ ናት እኮ።»

«እኔስ ምኑ ነኝ?»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ኪሞኖውን ተርትራ ስታመጣልኝ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ጨርቁን ውሃ ውስጥ ሳሰጥመው አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ስታይ «ቆሻሻ የለውም?» አለችኝ።

«የለውም።»

«ብብቱ ጋ እይ። የአንገቱ ጋስ?»

«ንጹሕ ነው አልኩሽ።»

«ያቺ ሴት ላብ እንኳ አልነበራትም እንዴ?»

ልስቅ ስል አየኋትና ወደ ገንዳው አጎነበስኩ። ከያዘችው ጨርቅ ውስጥ የወገቡን ዘርግታ አሳየችኝ። ኪሞኖ የሚሰፋ ሰው የተረፈውን ጨርቅ አይቆርጥም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ወገብ ላይ፣ መታጠቂያው በሚሸፍነው ቦታ ይደብቀዋል፤ አንድ ቀን ለረዥም ሰው ቢተላለፍ እንዲለቀቅ። በፉጂኖ ወገብ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ደህና ስፋት ነበረው። ብርሃን ነክቶት ስለማያውቅ ሰማያዊው ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ፣ ወፎቹም ነጥተው፣ ትናንት የተሸመነ ይመስል ነበር።

«ለኪኝ» አለች።

«ሚሳኦ፣ ተይው።»

«ለኪኝ አልኩሽ።»

ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ይዤ ወደ ታች ለቀቅሁት። ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደረሰ።

«አላጠረም ኖሯል» አለች። «ሦስት አራት ስፌት ቢለቀቅ ይበቃኝ ነበር።»

«ወንድ ምኑን ያውቀዋል።»

«ሽመና ቤት ተወልዶ ያረጀ ወንድ?»

ከዚያ በኋላ ስትቆርጠውም ስትሰፋውም ማንም እንዲያይ አልፈቀደችም። ቺግሳን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርታ ለካችባት፤ ያኔም ገና በስፒል የተያዘ ነበር። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠራርቼ «እንዴት ነው?» ስላት «እያለቀ ነው» ትለኛለች። ማሽኗ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ቀን ቀን ብቻ፣ ኤይኪቺ ከቤት ሲወጣ።

የኢቡኪ ቀን ጠዋት ሁሉም እዚያ ቤት ተሰበሰቡ። ቶዮ በምርኩዝ መጣች። ኢቡኪ ከጀርባው የሚበልጥ የቆዳ ቦርሳ አዝሎ ግቢው ውስጥ ይሮጣል። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞትም ሲዳርም ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ቺግሳ ኮቱን ለብሳ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያማረ ኮት በሕይወቴ አላየሁም። ወፎቹ ከእጅጌው ተነስተው በትከሻዋ በኩል ወደ ጀርባዋ ይበርራሉ፤ በስፌቱ ላይ እንኳ አንዲት ክንፍ አልተቆረጠችም። ያ በወገብ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ኮሌታው ሆኖ ፊቷን አብርቶታል። ኤይኪቺ ሲያያት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሚሳኦ ያንን ከንፈር ነው ያየችው።

ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ አንድ ነገር ቀፈፈኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባኝም። ቶዮ ቀደመችኝ።

«ይቺን ልጅ ማነው ሬሳ አድርጎ የገነዛት?»

ሁላችንም ያኔ አየነው። ቀኙ በግራው ላይ ተደርቦ እስከ ታች ተቆልፏል።

ሚሳኦ ድምፅዋን ሳትቀይር «የፈረንጅ ኮት ነው፣ እትዬ ቶዮ። የሴት እንዲህ ነው የሚዘጋው» አለች።

«የፈረንጅ ይሁን የጅን። አንቺ ስትሰፊ ስንት ዘመን አየሁሽ። የሰው እናት ልብስ እንዲህ ዘግተሽ አታውቂም። የቤትሽ ሲሆን ጠፋብሽ?»

ቺግሳ ዓይኗን ቁልፎቹ ላይ ተክላ ቀረች። ኤይኪቺ እኔ እንደማውቀው በአንድ ጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይናገር ሰው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ አወጣ።

«ለምን?»

«ያጥርሻል ብለኸኝ ነበር» አለች ሚሳኦ። «አላጠረም። በወገቡ ውስጥ ለኔ የሚበቃ ነበረው።»

ኤይኪቺ መሬት መሬቱን አየ። «አውቅ ነበር» አለ።

ምናለ ቢዋሽ ብዬ ተመኘሁ። ሚሳኦም እንደዚያ የተመኘች ይመስለኛል፤ እጇን በሽርጧ መጥረግ ጀመረች፤ እጇ ደረቅ ነበር።

«በዚህ ቤት አንዲት ሴት ሞታለች» አለች። «ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያው ሩዝ የሷ ነው። የላይኛው ክፍል የሷ ነው። ሾርባው የሷ ነው። ሁላችሁም ገና ከገበያ እንደምትመለስ አድርጋችሁ ነው የምታወሩላት። የቁልፉን ቀዳዳ ስቆርጥ እጄ ወደ ቀኙ ሄደ፤ እኔም ተውኩት። አንዴ እንኳ እንደሞተች የሚናገር ነገር በዚህ ቤት ይኑር ብዬ ነው። ቀናሁባት። እስካሁንም እቀናባታለሁ። በቃ።»

ከውጭ ኢቡኪ «ረፈደ፣ ረፈደ» እያለ በሩን ይደበድባል።

ቺግሳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። የግራውን አምጥታ በቀኙ ላይ ደረበችው፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ከሥር ተደበቁ። የሚይዘው ስለሌለ ግን ይከፈታል። ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈታ ወገቧን አሰረች።

«ልጁ ይረፍድበታል» አለች። «እትዬ ኖቡ፣ ያንሱን።»

አነሳኋቸው። ያ ፎቶ ዛሬም እነሱ ቤት አለ፤ ኢቡኪ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ወደየራሱ አቅጣጫ ያያል፤ ሚሳኦ የለችበትም። ከዚያ ወጥተው ሄዱ፤ እሷ ቤት ቀረች፤ እኔም ካሜራዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ቺግሳ ኮቱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተመለሰች። ሚሳኦ ልትቀበላት እጇን አልዘረጋችም።

«ለሌላ ሰፊ ስጪው» አለቻት።

«ሌላ ሰፊ አላውቅም» አለች ቺግሳ፤ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልጇን ልታመጣ ወጣች።

አሁን ችግሩ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ናቸው። የተቆረጠ ቀዳዳ አይመለስም፤ የተረፈ ጨርቅ ደግሞ የለም፤ ሚሳኦ ሁሉንም እስከ መጨረሻዋ ክር ተጠቅማበታለች። በግራው በኩል አዲስ ቀዳዳ የሚወጣበት፣ ፊት ለፊቱን ከአንገት እስከ ታች የሚሸፍን ረዥም ቁራጭ ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ኮቱን እያየች ተቀመጠች። በሦስተኛው የሠርጓን ኪሞኖ ተርትራ አመጣችልኝ፤ ያንን ጥለት የሌለውን፣ የዛገ ቀለሙን።

«እጠቢው» አለችኝ። «ከውስጥ የሚደረበውን ጎን ነው የምቆርጠው፤ ቀሪውን መልሼ እሰፋዋለሁ፤ ቢለበስም አይታይም።»

ውሃ ውስጥ ዘረጋሁት። የዚህ ብብት እንደ ፉጂኖው አልነበረም። ላቡ ሐሩን አልፎ ቀለሙን አጥቁሮታል፤ በየንብርብሩ የአንዱ ላብ በሌላው ላይ ደርቋል። የት የት እንደለበሰችው አስቤ ማሸት ጀመርኩ።

«ይሄስ ቆሻሻ አለው» አልኳት፤ ላስቃት ብዬ።

«የቺግሳ ነው» አለች። «ትምህርት ቤት ስትገባ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ግጥም ስትረሳ፣ ስትዳር። እኔ ቁጭ ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ። ሙሉ በሙሉ አታስለቅቂው።»

እኔም አላስለቀቅኩትም።

ኮቱ ሲያልቅ ከአንገት እስከ ጉልበት በፊት ለፊቱ አንድ መቀነት የመሰለ የዛገ ቀለም ጭረት ወረደበት፤ ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ፣ እንደ ሕያው። ቶዮ አገላብጣ አይታ «ያለሱ ወፎቹ ብቻቸውን ይበዙ ነበር» አለች። ከሷ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ቺግሳ ግን ለብሳው መስታወት ፊት ቆማ በጣቷ ያንን ጭረት ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አለች። «ትምህርት ቤት በር ላይ ዞር ስል የማየው ይሄን ነበር። ከሁሉም እናቶች በላይ ከፍ ብሎ።»

ሚሳኦ መርፌዎቿን መሰብሰብ ያዘች። ስንት ጊዜ እንደሰበሰበቻቸው አላውቅም።

ባልና ሚስቱ ያን በጋ ሙሉ ስለ አየሩ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። የቺግሳ ቤት ጠባብና እርጥበታም ስለሆነ ሙቀቱ ሲመጣ ኮቱን አምጥታ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ሰጠቻቸው።

መኸር ገባ፤ ንፋሱ ከአካጊ መውረድ ጀመረ። አንድ ጠዋት ጨርቅ ስወጥር ሚሳኦ በአጥሩ በር ገባች። እጇ በሩዝ ውሃ ርሷል።

«ሰቀለው» አለችኝ።

«ማን? ምኑን?»

«የኔን፣ የዛገ ቀለሙን። መሳቢያዬን ከፍቶ አውጥቶ ወደ ላይ ወሰደው። ከሷ ኮት ጋር በአንድ ገመድ ላይ፣ ጎን ለጎን።»

ቀርከሃውን አስቀምጬ አየኋት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«የኔን በመስኮቱ በኩል ነው የሰቀለው። ፀሐይ ይመታዋል፤ ቀለሙን ይበላዋል። የሷ ጥላ ውስጥ ነው ያለው።»

ይህችን ሴት እንግዲህ ምን ታደርጓታላችሁ። ሳቄን ውጬ «ሂጂና አቀያይሪያቸዋ» አልኳት።

«አቀያየርኳቸው። እሱ ሲወጣ ጠብቄ። የሷን ፀሐይ ላይ አደረግሁትና ደረጃውን ወረድኩ።»

«እሰይ። ተገላገልሽ።»

«ሩዝ ሳጥብ ትዝ አለኝ» አለች፤ እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የኮቱ ደረት ላይ ያለው ጭረት የኔ ነው። ተመልሼ ወጥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።»